ሮበርት ኦውን፤ ከትንሽ ከተማ ጠበቃነት እስከ ሕግ አውጭነት

መከራ የደረሰበት ሰው ሁሉ ያዝናል፤ የመከራውን ሥር መርምሮ ለሌላው መድኀኒት የሚፈልግ ግን ጥቂት ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ አሜሪካዊው ሮበርት ላታም ኦውን ነበሩ።

ኦውን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1856 ዓ.ም. በቨርጂኒያ፣ በሊንችበርግ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ እናታቸው ከጥንታውያኑ የአገሩ ተወላጆች ከቼሮኪ ነገድ የሚወለዱ ነበሩ። በ1873 ዓ.ም. በደረሰው የገንዘብ ቀውስ የቤተ ሰቡ ሀብት ጠፋ። ወጣቱ ኦውን የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን በ1877 ዓ.ም. ከፈጸሙ በኋላ ወደ እናታቸው ወገኖች አገር ሄደው የሙት ልጆችን አስተማሩ፤ ሕግም አጥንተው በ1880 ዓ.ም. ጠበቃ ሆኑ። ለምሥራቅ ቼሮኪዎች ተከራክረው በ1906 ዓ.ም. 5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሣ ማስፈረዳቸው በጥብቅና ሙያቸው ስማቸውን አስጠርቷል።

በ1890 ዓ.ም. በመስኮጊ ከተማ ባንክ አቋቋሙ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሌላ ቀውስ ደረሰና ሕዝቡ ገንዘቡን ለማውጣት ተሻማ፤ ከባንኩ ተቀማጭ ገንዘብ ግማሹ ወጣ። ኦውን በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ተረዱ፤ ባንክ የተቀበለውን ገንዘብ የሚያበድር ስለሆነ፣ ጤነኛም ቢሆን ሁሉም ባንድ ጊዜ መልስልን ካለው የሚደግፈው ከሌለ ይወድቃል። ስለዚህ ወደ አውሮፓ ተሻግረው የታላላቆቹን ማዕከላዊ ባንኮች አሠራር አጠኑ።

ኦክላሆማ በ1907 ዓ.ም. ከኅብረቱ ስትገባ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎችዋ አንዱ ሆነው ተመረጡ። በ1913 ዓ.ም. የባንክ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሳሉ፣ ከሕግ መምሪያው ምክር ቤት ከካርተር ግላስ ጋራ የፌዴራል ሪዘርቭን ሕግ አቀረቡ። በዚያን ጊዜ ታላቅ ክርክር ተነሣ፤ ባለባንኮቹ በበላይ ቦርዱ ውስጥ ወኪሎች እንዲኖሩአቸው ሲጠይቁ፣ ኦውን ራሳቸው ባለባንክ ሆነው ሳለ ሥልጣኑ የመንግሥት ይሁን ብለው ጸኑ። ፕሬዚዳንት ዊልሰንም ይህን ደግፈው ሕጉን በታኅሣሥ 23 ቀን ፈረሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ተበታትኖ የነበረው የባንኮች መጠባበቂያ በ12 የክፍል ባንኮች ተሰበሰበ።

ሥራቸው ሁሉ ግን አልሠመረም። በ1916 ዓ.ም. የሕፃናትን የፋብሪካ ሥራ ለመግታት በስማቸው የወጣውን ሕግ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ሻረው። ራሳቸው ያወጡት የባንክ ሕግም ቢሆን፣ አሠራሩ የገንዘብ እጥረት አምጥቶ ገበሬውን ጐዳ ብለው ሲያምኑ በግልጽ ከመንቀፍ አልተመለሱም። በ1925 ዓ.ም. ከምክር ቤቱ ወጥተው በ1947 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዐረፉ።

ለመንግሥት ሥራ የሚዘጋጅ ወጣት ከኝህ ሰው የሚማረው፣ የሙያውን ጥቅም ከሕዝብ ጥቅም በታች ማድረግን፣ የገዛ ሥራውንም ያለ አድልዎ መመርመርን ነው።