ከተራን ያሳደሩት ንጉሥ

ገና ሲቃረብ በሲ.ኤም.ሲ መንገድ ዳር ያሉ ሱቆች የፕላስቲክ ዛፍ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራትና ቀይ የለበሰ የገና አባት ይደረድራሉ። የገና አባት ከየት መጣ ቢባል ቅዱስ ኒኮላስን የማይጠራ የክፍላችን ልጅ ያለ አይመስለኝም። እኔን የሚገርመኝ የራሳችንን ስንጠየቅ ዝም ማለታችን ነው። ጥምቀት ለምን በዋዜማው ይታደራል? ልደት በዓመት አንዴ እያለ በየወሩ በ29 ባለ ወልድ ብለን የምናከብረው ከማን ዘመን ጀምሮ ነው? የነዚህን መልስ ስትከታተሉ ደጋግማችሁ የምታገኙት አንድ ሰው ነው፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ። (በሐተታው የሚታወቀው ፈላስፋ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ሌላ ሰው ነውና እንዳይምታታባችሁ።)

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1391 ዓ.ም ገደማ ከአፄ ዳዊትና ከእቴጌ እግዚእ ክብራ በፈጠጋር ተወለዱ። እንደ ሌሎቹ የንጉሥ ዘሮች ዙፋን እንዳይሻሙ ተብሎ ግሸን አምባ ላይ በጥበቃ ሥር ቆይተዋል። ከሳቸው በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት ነገሥታቱ ቶሎ ቶሎ ይሞቱና ይተካኩ ነበር። በ1426 ዓ.ም ከአምባው ወርደው ሲነግሡ ታዲያ ዕድሜያቸው ሠላሳዎቹን አጋምሷል። እንግዲህ አስቡት፣ ከእስር ቤት ወጥቶ በአንድ ጊዜ ንጉሠ ነገሥት መሆን! በኋላ ሁሉን ሰው መጠርጠራቸውን ሳነብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ይሄ አምባ ነው።

ከገና ጋር የሚያያዘው ትልቁ ታሪካቸው የጦር ሜዳ ታሪክ ነው። የአዳሉ ሱልጣን በድላይ ሠራዊቱን ይዞ በመጣ ጊዜ ጎሚት ላይ ገጠሙት። ሱልጣኑ ወደቀ። ቀኑ ታኅሣሥ 29 ቀን 1438 ዓ.ም፣ የልደት ዕለት ነበር። ዜና መዋዕላቸው ይህንን እንደ ተአምር ይቆጥረዋል፤ የሱልጣኑ ሬሳ ተቆራርጦ በየአገሩ እንደተላከም ሳይደብቅ ይጽፋል። ንጉሡ በየወሩ በ29 የጌታ ልደት እንዲታሰብ አጥብቀው አዘዋል፤ በዚያ ቀን የሚነበበውም መጽሐፈ ሚላድ በሳቸው ስም የሚጠራ ድርሰት ነው። ሚላድ ልደት ማለት ነው። መጽሐፉ ግን የምስራች ብቻ አይደለም፤ ንጉሡ መናፍቅ ካሏቸው ሰዎች ጋር የሚደረግ ክርክር ሞልቶበታል። በሌላ አነጋገር በዓሉ ትምህርት ቤትም ችሎትም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልጨምር። ታኅሣሥ 29 በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ነው። ስለዚህ እኛ ገናን ዘግይተን የምናከብር የሚመስለው የአውሮፓ ካላንደር በ1582 እ.ኤ.አ ስለተቀየረ እንጂ ሌላ ቀን መርጠን አይደለም። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ገና በ28 ይውላል፤ ከመጋቢት 29 ጽንሰት ጀምሮ የሚቆጠረው ቀን እንዳይዛነፍ ነው።

ወደ ጥምቀት ስንመጣ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሥራውን ለብዙ ነገሥታት ያካፍለዋል። ታቦት ወደ ውሃ መውረድ በአፄ ገብረ መስቀል ተጀመረ፤ በቅዱስ ላሊበላ ዘመን በአንድ አካባቢ ያሉት ታቦታት አንድ ላይ መውረድ ያዙ፤ እስከ ዘርዓ ያዕቆብ ድረስ ግን በጥር 11 ወርደው በዚያው ቀን ይመለሱ ነበር ይባላል። ጥር 10 ወርደው ውሃው ዳር እንዲያድሩ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ከተራ የሚለው ስም ውሃ ከመከተር፣ ከመገደብ የመጣ ነው። ድንኳኑ፣ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌቱ፣ ነጠላውን ተከናንቦ ሲዘምር የሚያነጋው ሕዝብ፣ ይህ ሁሉ ያ አንድ ሌሊት ባይጨመር አይኖርም ነበር። በ2012 ዓ.ም ዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው በዓል ግማሽ ውበቱ ሌሊቱ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ሰፈር ደግሞ ሚካኤል ሁለት ሌሊት አድሮ በ12 ስለሚገባ ከሌላው ሰፈር አንድ ቀን እናተርፋለን።

ነገር ግን ይህንን ሌሊት ያተረፉልን እጆች ከባድ ነበሩ። ደስክና ዲኖ የሚባሉ ባዕድ አማልክትን አመለኩ ተብለው የተከሰሱ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው በአባታቸው ትእዛዝ ተገርፈዋል፤ አብዛኞቹም ሞተዋል። የአልጋ ወራሹ የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም በድብደባ ነው የሞተችው። ሰው ሁሉ ግንባሩና እጆቹ ላይ ሰይጣንን የሚክድ ቃል እንዲጽፍ ታዝዞ ነበር። ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወገሩ። ከ38 ቀን በኋላ በሰማይ ብርሃን ሲታይ ንጉሡ ፈጣሪ ሥራዬን ወደደው ብለው ተረጎሙትና ደብረ ብርሃንን ከተማቸው አደረጉ። በየዓመቱ ደብረ ብርሃንን በአውቶቡስ የሚያልፍ ተማሪ ይህን ቢያውቅ ስሙን በሌላ ጆሮ ይሰማው ነበር። በእርግጥ መታረቅም ያውቁበታል፤ እ.ኤ.አ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የቅዳሜን ሰንበት ፈቅደው ከኤዎስጣቴዎስ ወገኖች ጋር የነበረውን የመቶ ዓመት ጠብ አብርደዋል። ለአንዱ ወገን ይህን ያህል የታገሱ ንጉሥ ለሌላው እንዴት እንደዚያ ጨከኑ? እኔ ከፍርሃት በቀር ምክንያት አላገኘሁለትም።

የሳቸው ዘመን ከኛ ሰፈርም ሩቅ አይደለም። ከሲ.ኤም.ሲ ቀና ስትሉ የካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። በሳቸው ዘመን ቬኒስ ውስጥ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የኢትዮጵያ ንጉሥ ከተማ ትታያለች። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህችን ከተማ እንጦጦ ላይ ካለው የጥንት ምሽግ ጋር አያይዘዋታል። ቁፋሮ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ የባሕር ዛፉ ሥር ግን በየዓመቱ ድንጋዩን ይገፋል።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1460 ዓ.ም ደብረ ብርሃን ላይ አረፉ። በግርፋት ያልሞተው በእደ ማርያም ነገሠና የአባቱን እስረኞች ፈታ። የንጉሡ አፅም ከመጀመሪያ መቃብሩ ተነሥቶ ዛሬ ጣና ሐይቅ ላይ፣ ዳጋ ደሴት ይገኛል። የገዳሙ ስም እስጢፋኖስ ነው፤ የመጀመሪያው ሰማዕት፣ በድንጋይ የተወገረው።