ፌሊክስ ዴሬል፦ የባክቴሪያን ጠላት ያገኘው ሰው

በርካታ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች አንቲባዮቲኮችን እየተቋቋሙ የሐኪሞችን ጥረት መና በሚያስቀሩበት በአሁኑ ዘመን፣ ከመቶ ዓመት በፊት የተቀየሰ ሌላ የሕክምና መንገድ እንደገና በመመርመር ላይ ይገኛል። የመንገዱ ቀያሽ ፌሊክስ ዴሬል ነበር።

ዴሬል በ1873 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በፓሪስ ተወለደ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ባይኖረውም የረቂቅ ሕዋሳትን ጥናት በግል ጥረቱ ተምሮ በጓቲማላና በሜክሲኮ ከሠራ በኋላ፣ በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ገባ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በደም ተቅማጥ የታመሙ ወታደሮችን ዓይነ ምድር ሲመረምር፣ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ የወረደው ፈሳሽ በባክቴሪያ የደፈረሰውን ማብቀያ ሲያጠራው ተመለከተ። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትወርት ተመሳሳይ ክስተት በ1915 ገልጾ ነበር፤ ይሁን እንጂ ገዳዩ በባክቴሪያው ውስጥ የሚራባ ቫይረስ ነው ብሎ በቁርጠኝነት የተከራከረው ዴሬል ነው። ግኝቱን በ1917 ሲያሳውቅ ባክቴሪዮፋዥ ብሎ ሰየመው።

በ1919 በፓሪስ የሕፃናት ሆስፒታል በደም ተቅማጥ ለታመመ ልጅ ፋዡን ከመስጠቱ በፊት፣ ጉዳት እንደሌለው ለማረጋገጥ እርሱና ባልደረቦቹ ራሳቸው ጠጡት። ልጁም ዳነ። ቆይቶም በግብፅ የወረርሽኝ መቅሰፍትን፣ በህንድ ኮሌራን በዚሁ ዘዴ ለመታገል ሞከረ።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ፋዥ የሚያጠቃው የራሱን ባክቴሪያ ብቻ ነው። ነጋዴዎች ግን ይህን ሳያገናዝቡ ለብዙ በሽታ አንድ ጠርሙስ ይሸጡ ጀመር፤ ከመድኃኒቶቹም አንዳንዶቹ ሕያው ፋዥ አልነበራቸውም። በማነጻጸሪያ ቡድን የተደገፈ ሙከራም እምብዛም አልተካሄደም። በ1934 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ያስጠናው ዘገባ ውጤቱን አጠራጣሪ አደረገው፤ በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን በብዛት ሲመረትም ምዕራቡ ዓለም ፋዥን ተወው።

በዚሁ በ1930ዎቹ ዴሬል ወደ ትብሊሲ ሄዶ፣ ወዳጁ ጊዮርጊ ኤሊያቫ በ1923 ባቋቋመው ተቋም ሠርቶ ነበር። ኤሊያቫ በ1937 በስታሊን ዘመን በግፍ ተገደለ፤ ተቋሙ ግን ሥራውን ቀጥሎ እስከ ዛሬ ይኖራል። በ1940 የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፋዥን ለዓይን አሳየ፤ የዴሬልም ሐሳብ ጸና። እርሱ በ1949 በፓሪስ አረፈ።

ፋዥን ያስጣለው የመሠረተ ሐሳቡ ስሕተት ሳይሆን የአሠራሩ ጉድለት ነበር። ዛሬም ወደዚህ ሕክምና የሚመለስ ሁሉ አስቀድሞ የበሽተኛውን ባክቴሪያ መለየት፣ ቀጥሎ ተስማሚውን ፋዥ መምረጥ፣ በመጨረሻም የዝግጅቱን ንጽሕናና መጠን መለካት ይጠበቅበታል።