የአንድ ትምህርት ክፍል መሥራች፦ ፍራንሲስ ሴሲል ሰምነር

ከወላይታዋ ቦምቤም ሆነ ከሌላ ትንሽ ከተማ ተነሥቶ በዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቡና ማጥናት የሚጀምር ወጣት አስቀድሞ የሚያውቀው የቩንትን፣ የፍሮይድንና የፓቭሎቭን ስም ነው። የፍራንሲስ ሴሲል ሰምነር ስም እምብዛም አይነሣም። ሰምነር በስማቸው የሚጠራ ንድፈ ሐሳብ አልተዉም፤ የተዉት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚታነጹበትን የትምህርት ክፍል ነው።

ሰምነር በ1895 (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ፣ በአርካንሳስ ግዛት፣ ፓይን ብላፍ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በዚያን ጊዜ ለጥቁር ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ ልብ ስላልነበረ፣ ከአንደኛ ደረጃ በኋላ የተማሩት በቤታቸው፣ በወላጆቻቸው እየታገዙና መጻሕፍት እያነበቡ ነው። የምስክር ወረቀት ያልነበራቸው እኒህ ወጣት በ1911፣ ገና በ15 ዓመታቸው፣ በጽሑፍ ተፈትነው በፔንሲልቫንያ ወደሚገኘው ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1915 በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቁ፤ በዓመቱም ከክላርክ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ የባችለር ዲግሪ ተቀበሉ።

በክላርክ፣ በስታንሊ ሆል መሪነት የዶክትሬት ጥናት ሲጀምሩ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ደረሰ። በ1918 አሜሪካ በጥቁር ዜጎቿ ላይ የምታደርሰውን በደል ነቅፈው ለጋዜጣ በመጻፋቸው ከትምህርታቸው ሊባረሩ ጥቂት ቀረ። ከዚያም ለውትድርና ተጠርተው ወደ ፈረንሳይ ዘመቱ። ከዘመቻ ተመልሰው፣ ስለ ፍሮይድና አድለር ትምህርት ባቀረቡት ጽሑፍ፣ በ1920 በሥነ ልቡና የዶክትሬት ማዕርግ ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኑ።

በ1928 ዋሺንግተን ወደሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በዚያ ሥነ ልቡና ራሱን የቻለ ክፍል አልነበረም። ሰምነር ተከራክረው በ1930 ክፍሉን አቋቋሙ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም መሩት። ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን በሃዋርድ ሕክምና አጥንተው በ1935 ሲመረቁ፣ በዚያው ዓመት ኬኔዝ ክላርክ ከሰምነር ክፍል የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ። ክላርክ ሐኪም ለመሆን አስቦ ነበር የመጣው፤ ሐሳቡን ያስለወጠው የሰምነር ትምህርት ነው። በኋላ ባለቤቱ የሆነችው ሜሚ ፊፕስም ከሒሳብ ወደ ሥነ ልቡና ተዛውራ በ1938 ተመረቀች።

የሰምነር ሕይወት ግን ነቀፌታ አላጣውም። በ1920ዎቹ ባወጧቸው ጽሑፎች ጥቁሮች ለብቻቸው ቢማሩ እንደሚሻል ተከራክረዋል። አንዳንዶች ይህን ከነጭ ባለሥልጣናት ገንዘብ ለማግኘት የታለመ ስልት ነው ይሉታል፤ ቃሉ ግን በስማቸው ተጽፎ ቀርቷል። የመለያየትን ጉዳት በአሻንጉሊት ሙከራ ያሳዩትም በእሳቸው ክፍል የተማሩት ኬኔዝና ሜሚ ክላርክ ናቸው።

ሰምነር በጥር 1954 አረፉ። ከአራት ወር በኋላ፣ በግንቦት 17 ቀን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት ጥቁርና ነጭ መለየትን ሻረ፤ በውሳኔው የግርጌ ማስታወሻም የኬኔዝ ክላርክ ጥናት ተጠቀሰ። መምህሩ ተማሪዎቻቸውን ያስተማሩት የራሳቸውን አቋም እንዲደግሙ ሳይሆን እንዲመረምሩ ነበር፤ ምርመራው መምህሩ ከቆሙበት አልፎ ሄደ።