ክትፎ ፍለጋ ገብቼ ያገኘኋቸው እቴጌ

ባለፈው እሑድ እምድብር ቤታችን ቁጭ ብዬ የቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅት ሳይ፣ አቅራቢዋ ክትፎ በሦስት ደቂቃ ሠርታ ጨረሰች። ቆጮ የለ፣ አይቤ የለ፣ ጎመን የለ። አያቴ ከጎኔ ሆና አየችና ምንም ሳትናገር ተነስታ ወጣች።

እኔም ስልኬን አውጥቼ አሠራሩን ፍለጋ ገባሁ። አንዱ ቪዲዮ ቅቤው ሁለት ማንኪያ ነው ይላል፣ ሌላው አራት። ከአንዱ ወደ አንዱ ስዘል ቆይቼ መጨረሻ ላይ የደረስኩት ሰው ላይ ነው፦ እቴጌ ጣይቱ ብጡል።

እኛ እሳቸውን የምናውቃቸው በዐድዋ ነው። ሕይወታቸውን ከማዕድ ለይቶ ማውራት ግን ይከብዳል። የተወለዱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በዚያ ዘመን ለሴት ብርቅ የነበረውን ማንበብና መጻፍ ያውቁ ነበር። ምኒልክን በ1875 ዓ.ም. አገቡ፤ በ1882 ዓ.ም. እቴጌ ተባሉ። ከእንጦጦ ወርደው ፍልውኃ አጠገብ ቤት ያሠሩት፣ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው።

እንደ ፈረንጆች በ1887 የእንጦጦ ማርያም ስትመረቅ ትልቅ ግብር አበሉ። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ድግሱን በታሪክ መጽሐፋቸው መዘገቡት። ማን ምን በላ የሚለው እንኳ ያኔ የመንግሥት ጉዳይ ነበር ማለት ነው፤ ብዙ ሰው የሚያጠግብ ብዙ ሰው ይከተለዋል።

በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይም ነገሩን በዚያው ዓይን አዩት። የጣሊያን ምሽግ በጥይት አልበገር ሲል ውኃው እንዲያዝ መከሩ። ምንጩ ተያዘ፣ ጠላት በጥም ተጨንቆ ምሽጉን ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ሆቴል ከፈቱ። ዛሬ ክትፎ ቤት መክፈት ለኛ ሰው ተራ ነገር ነው። ያኔ ግን ምግብ በገንዘብ መሸጥ ነውር ነበር። መጀመሪያ ላይ ገበያተኛ እንደጠፋና ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ጋብዘው እንዳለማመዱ ይተረካል። ያ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ከፊሉን ቢበላውም አሁንም ፒያሳ አለ።

መጨረሻቸው ግን ያሳዝናል። ምኒልክ ሲታመሙ ሥልጣኑ ወደ እሳቸው አደላ፣ መኳንንቱ ደግሞ አልወደዱትም። በ1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ባላቸውን ሲያስታምሙ ቆዩ፤ በ1906 ዓ.ም. ምኒልክ ሲያርፉ ወደ እንጦጦ ተመለሱ። እዚያው በየካቲት 1910 ዓ.ም. አረፉ። አፅማቸው በኋላ ወደ ታዕካ ነገሥት በዓታ ተዛውሮ ከባላቸው ጎን ነው።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። የእንጦጦው ድግስ የተረፈልን የሚጽፍ ሰው ስለነበረ ነው። ወጡን የሠሩት ሴቶች እጅ ግን ልኩን ይዞ ተቀበረ። የአያቴ እጅ ደግሞ ዘንድሮ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

ስልኬን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ቅቤው ስንት ማንኪያ እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀችብኝ። ማንኪያ አታውቅም፣ በእጇ ነው የምትለካው። ስለዚህ ሳይቀልጥ ከእጇ ተቀብዬ እኔው በማንኪያ ለካሁት።

አምስት ሆነ።