ጆርጅ ግሪን

ጆርጅ ግሪን (1793–1841 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ነበር። የተወለደው በኖቲንግሃም ሲሆን አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ትምህርት ቤት የቆየው ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ በአባቱ የነፋስ ወፍጮ እየሠራ ሒሳብን በራሱ አጠና። በ1828 ስለ ኤሌክትሪክና መግነጢስ አንድ ድርሰት አሳተመ። በድርሰቱ በአንድ ይዘት ውስጥ የሚሰላውን ኢንቴግራል ይዘቱን በሚከብበው ወለል ላይ ከሚሰላው ጋር አገናኘ። በስሙ የሚጠራው የግሪን ቲዎረም እንደሚለው፣ ዝግ መስመርን አቋርጦ የሚወጣው የተጣራ ፍሰት (ፍለክስ) በመስመሩ ውስጥ ከሚመነጨው ፍሰት ድምር ጋር እኩል ነው።

ድርሰቱን በጊዜው ያስተዋሉት ጥቂቶች ነበሩ። ግሪን በ40 ዓመቱ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1837 ተመረቀ። ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ዊልያም ቶምሰን (ሎርድ ኬልቪን) ድርሰቱን አግኝቶ ለዓለም አስተዋወቀ።