መምህሩ ዮፍታሔ ንጉሤ

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወላጅ ናቸው። የቅኔ ትምህርታቸውን አደላድለው ወደ አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ተውኔቶቻቸውንም ከተማሪዎቻቸው ጋር ለሕዝብ አሳዩ። እስከ 1967 ዓ.ም. ሲዘመር የኖረው የብሔራዊ መዝሙር ግጥም የርሳቸው ሲሆን ዜማው የአርመናዊው የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ እርሳቸውም ተመለሱ። ጡረታ ወጥተው በልጅ ልጅ መካከል ለመቀመጥ ግን አልታደሉም፤ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ።

የርሳቸው ስደት አምስት ዓመት ነበረ፤ በፔትዎርዝና በአካባቢው ያለነው የኛ ግን ወደ ልጅ ልጅ ተሻግሯል። እርሳቸው ሲመለሱ ቋንቋቸውን የሚሰማ ተማሪ ቆይቷቸዋል። ልጆቻችን ፊደል ካልቆጠሩ እኛን ማን ይቆየናል? ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።