ኒኮላ ቴስላና ከሩቅ የምትታዘዘው ጀልባ

በሳይንስ ክበባችን ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ተማሪው አብልጦ የሚወዳት፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የምትበረውና በራዲዮ የምትታዘዘው ትንሿ አይሮፕላን ናት። ለብዙዎቻችን ትናንት የተፈለሰፈች አዲስ ነገር ትመስለናለች። ነገር ግን ሥሯን ለሚመረምር ሰው፣ ሞተሯን የሚያዞረው ጥበብም ሆነ ከምድር የሚላክላት ትእዛዝ ከመቶ ዓመት በፊት ከነበረ ከአንድ ሰው አሳብ ጋራ የተያያዘ ነው። ያም ሰው ኒኮላ ቴስላ ነው። አንባቢ ሆይ፣ የዚህን ሊቅ ታሪክ በአጭሩ ልንገርህ። ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቴስላ ጁላይ 10 ቀን 1856 ስሚልያን በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሪቱ በዚያን ጊዜ በአውስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ በክሮኤሺያ ውስጥ ትገኛለች። አባቱ የሰርብ ኦርቶዶክስ ቄስ ነበረ። እናቱ ማንበብ ባትችልም ረጃጅም የአገሯን ግጥሞች በቃሏ የምታውቅ፣ ለቤት ሥራ የሚረዱ መሣሪያዎችን በገዛ እጇ የምትሠራ ብልኅ ሴት ነበረች። ቴስላም የፈልሳፊነት ስጦታውን ከእርሷ እንደ ወረሰ ይናገር ነበር።

አባቱ ግን ልጁ እንደ እርሱ ካህን እንዲሆን ቈርጦ ነበር። በ1873 ቴስላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ በኮሌራ ታመመ፤ ዘጠኝ ወር ያህልም ከአልጋ ሳይነሣ ቆየ። ለሞት ተቃርቦ ሳለ፣ ምህንድስና እንዲማር ቢፈቀድለት ምናልባት ይድን እንደ ሆነ ለአባቱ ነገረው። አባትዮውም በጭንቀት ቃል ገባለት፤ ልጁም ዳነ። የካህን ልጅ የአባቱን ፈለግ እንዲከተል በሚጠበቅበት አገር ላደግን ለእኛ፣ ይህ ቃል ለአባቱ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ መገመት አያዳግተንም።

በ1875 ቴስላ ግራትስ በተባለ ከተማ ወደሚገኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም መምህሩ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ለተማሪዎቹ ሲያሳይ፣ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያስተላልፉት ብሩሾች የእሳት ብልጭታ ሲረጩ ተመለከተ። ብሩሾቹን አስወግዶ ሞተር መሥራት ይቻላል ብሎ አሳቡን ቢገልጽ፣ መምህሩ ፈጽሞ የማይሆን ነገር መሆኑን በክፍሉ ፊት አስረዳ። ቴስላ ግን አሳቡን አልተወም። በ1882 በቡዳፔስት ከጓደኛው ጋራ በመናፈሻ ሲመላለስ መልሱ በድንገት ታየው፤ ወዲያውም በእንጨት አሸዋው ላይ ሥዕሉን ነደፈ። ምስጢሩም ይህ ነው፤ በክብ የተደረደሩ የሽቦ ጥቅሎች ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በየተራ ሲደርሳቸው፣ የማግኔቱ ኃይል በክቡ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ በመካከሉ ያለውንም ዘንግ ያለ ብሩሽ ይዞት ይዞራል።

በ1884 ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ለጥቂት ወራት በኤዲሰን ዘንድ ሠራ፤ ከዚያም ተለየ። ችግር ጸንቶበት ጉድጓድ እየቈፈረ በቀን ሥራ የኖረበትም ጊዜ ነበረ። በሜይ 1888 ግን የሞተሩ የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ ዌስቲንግሃውስ የተባለውም ባለ ፋብሪካ መብቱን በገንዘብ ተዋዋለው። በ1896 ከናያጋራ ፏፏቴ የመነጨው ኃይል በዚሁ ዘዴ በሽቦ ተጕዞ የቡፋሎን ከተማ አገለገለ። ዛሬ ከአገራችን ግድቦች ወደ ከተሞች የሚመጣው ኤሌክትሪክም ይኸው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው።

አሁን ወደ ጀልባዪቱ እንመለስ። በ1898 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተከፈተው የኤሌክትሪክ ትርኢት ላይ፣ ቴስላ አንዲት ትንሽ ጀልባ በውኃ ገንዳ ላይ አንሳፈፈ። በሆዷ ባትሪ፣ ፕሮፔለር የሚያዞር ሞተርና መቅዘፊያዋን የሚያጣምም ሌላ ሞተር ነበረ። ሽቦ ግን አልነበራትም። ቴስላ በእጁ ያለውን መሣሪያ ሲነካ የራዲዮ ሞገድ ይወጣል፤ በጀልባዪቱ ውስጥ የብረት ብናኝ የያዘ ትንሽ ዕቃ ሞገዱ ሲደርሰው ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ያን ጊዜ ሞተሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ መብራቶቿም ይበራሉ ወይም ይጠፋሉ። ተመልካቹም እጅግ ተደነቀ። አስማት ነው ያለም፣ በውስጧ የሠለጠነ ዝንጀሮ ተደብቋል ያለም ነበረ ይባላል። ኖቬምበር 8 ቀን 1898 የፈጠራ መብቱ በቍጥር 613,809 ተመዘገበለት።

ቴስላ በኋላ እንደ ጻፈው፣ ይህን ፈጠራ ለመንግሥት ለማቅረብ በዋሽንግተን ላለ አንድ ባለ ሥልጣን ቢነግረው ሰውዬው በሣቅ ፈነዳ። እርሱ ግን ትልቅ ተስፋ ነበረው። ሰው የማይሳፈርባቸው እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ሲበዙ ጦርነት እጅግ አስፈሪ ስለሚሆን መንግሥታት ይተዉታል ብሎ ያምን ነበር። በ1900 ባሳተመውም ጽሑፍ፣ ወደ ፊት መሣሪያው ትእዛዝ ከመቀበል አልፎ ራሱ እንደሚያመዛዝን ተናገረ።

ከዚህ በኋላ ኑሮው እየጠበበ ሄደ። በ1901 ሎንግ አይላንድ ላይ ወሬንና ኃይልን ያለ ሽቦ ወደ ዓለም ሊልክበት የጀመረው ግንብ ገንዘብ አጥቶ ሳይፈጸም ቀረ፤ በ1917ም ፈረሰ። ጃንዋሪ 7 ቀን 1943፣ በ86 ዓመቱ፣ ብቻውን ይኖርበት በነበረው በኒው ዮርክ የሆቴል ክፍል ውስጥ ዐረፈ። ጁን 30 ቀን 1957 ኮሎኔል ታፕሊን የተባለ እንግሊዛዊ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የምትሄድ አይሮፕላን በራዲዮ እያዘዘ ሲያበር፣ ቴስላ ይህን ለማየት አልቈየም።

የክበባችንን አይሮፕላን ፈታትቼ ስመለከት ይህ ታሪክ ሁሉ በፊቴ ተዘርግቶ አየሁት። ሞተሯ ብሩሽ የለውም፤ አንዲት ትንሽ መቈጣጠሪያ የባትሪውን ኤሌክትሪክ በሦስት ሽቦዎች በየተራ እያደረሰች የሚሽከረከር ማግኔታዊ ኃይል ትፈጥራለች። ጀማሪ ስለሚያበራት አካሏ ከቀላል ፎም ተሠርቷል፤ ክንፎቿ ከገላዋ በላይ ተቀምጠው ጫፎቻቸው ወደ ላይ ቀና ብለዋል፤ ስለዚህ ስትዘነበል ራሷ ወደ ቀጥታዋ ታዘነብላለች። በውስጧም ዘንበል ማለቷን የሚያውቅ ጋይሮ አለ፤ የጀማሪው እጅ ሲደናገጥ እርሱ ያቃናታል። ሆኖም የተማሪውን ትጋት አያስቀረውም። አይሮፕላኒቱ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ስትመጣ ቀኝና ግራው ይገለበጥብናል። ስለዚህ ነፋስ በሌለበት በማለዳ፣ ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ከፍ አድርገን ቀስ በቀስ እንለማመዳለን።

ቴስላ በአንድ ነገር ተስፋው አልሠመረለትም። ከሩቅ የሚታዘዝ መሣሪያ ጦርነትን አላስቀረም፤ ሰው የሌለባቸው አይሮፕላኖች ዛሬ በብዙ አገር ሕይወት ያጠፋሉ። በእነዚያና በእኛ የፎም አይሮፕላን መካከል ያለው የጥበብ ዝምድና እጅግ ቅርብ መሆኑን ሳስብ ዝም እላለሁ። መሣሪያው የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ አዛዡ ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ማብረርን ስንማር ጣታችንን ብቻ ሳይሆን አሳባችንንም እናሠልጥን፤ የዚያች ጀልባ መልካምነትም ሆነ ክፋት የሚገኘው በውኃው ላይ ሳይሆን በዳር ቆሞ በሚያዛት ሰው እጅ ነውና።